የወይዘሮ አንጓች ማሳና የፎገራ ዳክዬዎች

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ሰኞ ማለዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ፎገራ ተነሣን። ሁለት ነበርን። እኔ ሰብለ እባላለሁ፤ የእንስሳት በሽታ በሚመረመርበት ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ፤ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ዓመቴ ነበር። ሾፌሩ ጋሽ ዘነበ ደግሞ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መኪና ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። መንገድ ላይ ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን ይደመጣሉ።

የሄድነው ለዳክዬ ነው። ይህን ስነግረው ያልሳቀ ዘመድ የለኝም። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ቫይረስ በየጊዜው መልኩን እየለወጠ ሰው ይጥላል፤ ዶሮም ይፈጃል። በዱር ዳክዬ አንጀት ውስጥ ግን ወፏን ሳያሳምም ይኖራል። ዘሩን የሚያስተላልፍበት ነገር በስምንት ቁራጭ የተከፋፈለ ነው። ሁለት ዓይነት ቫይረስ በአንዲት ዳክዬ ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቻቸው ይደባለቁና ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ቫይረስ ይወለዳል። በየዓመቱ ብርዱን ሸሽተው ከሰሜን ወደ ጣና ዳር የሚወርዱት ዳክዬዎች ምን ዓይነት ቫይረስ ይዘው እንደሚመጡ በአገራችን ገና አይታወቅም ነበር። ይህን ማጣራት የአለቃዬ የብዙ ጊዜ ሕልም ነበር። እሱ ራሱ ሊሄድ ተዘጋጅቶ ሳለ ሊቀርበት የማይችል ረጅም ስብሰባ ተጠራ። ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው ቢሮው አስጠራኝና፣ «አንቺ ትሄጃለሽ» አለኝ። «ወቅቱ ካለፈ ወፎቹ አይጠብቁንም።»

ከመኪናው ኋላ የወተት ማመላለሻ የሚመስል የአልሙኒየም ዕቃ በገመድ ታስሯል። ውስጡ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ከማናቸውም በረዶ በእጅጉ የሚቀዘቅዝ፣ ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጭስ የሚተፋ ነገር። ከብት ከሚያዳቅሉ ሰዎች በልመና የተዋስነው ነው። ናሙናችንን እስከ አዲስ አበባ ሳይበላሽ የሚያቆየው እሱ ብቻ ሲሆን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይተናል። አለቃዬ አሥር ቀን ይበቃሻል ብሎኛል። ምን ያህል እንደቀረ የምለካበት ቀጭን እንጨት ሰጥቶኝ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ በእጄ ነበር የምይዘው።

ዓባይን መሻገር

ከጎሐ ጽዮን በኋላ ቁልቁለቱ ተጀመረ። ደጋው ላይ የደረብኩትን ሹራብ አወለቅሁ፤ ትንሽ ቆይቶ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። ወታደሮቹ የመንቀሳቀሻ ፈቃዳችንን ተቀብለው ገጽ በገጽ አነበቡ። አንደኛው ዕቃውን በጣቱ አመለከተ።

«ክፈችው።»

ከፈትኩት። ጭሱ ሲወጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጓደኞቹ ሳቁበት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሚፈስ በረዶ በለው» አልኩት። «ከዳክዬ የምንወስደውን እንዳይበላሽ የምናኖርበት ነው።»

«ከዳክዬ ምን ይወሰዳል?»

ጋሽ ዘነበ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ «ከኋላዋ ነው የሚወሰደው፤ ዝርዝሩን ባትሰማ ይሻልሃል» አሉት። ሳቁ በረታ፤ አሳለፉን።

አስፋልቱ አልቆ ጠጠር መንገድ ጀመርን። በየገደላገደሉ ጠርዝ መኪናዋ ስትንገጫገጭ ጋሽ ዘነበ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ኋላ ዕቃውን ያያሉ፤ እኔ ደግሞ መንገዱን እዩልኝ እያልኩ እለምናለሁ። ደብረ ማርቆስ አደርን፤ አልጋው ሁለት ብር ነበር፤ አንሶላው ንጹሕ፣ ብርድ ልብሱ ከባድ። ማግስቱን በቡሬና በዳንግላ አቋርጠን ባሕር ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ጣና ላይ አዘቅዝቃለች። የነቢያት ጾም ስለነበር ሥጋ አልፈለግንም፤ በሚጥሚጣ የተጠበሰ ዓሣ ከነአጥንቱ አኘክን። እንጨቴን አስገብቼ ለካሁ። ብዙ አልጎደለም።

ይፋግንና ጣራ ገዳምን አልፎ

ረቡዕ ዕለት የጉማራን ድልድይ ተሻግረን ወረታ ደረስን፤ ግን አልቆምንም። መጀመሪያ አዲስ ዘመን፣ አውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ ፈቃዳችንን ማኅተም ማስመታት ነበረብን። ርብን ስንሻገር በግራችን ሜዳው እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ይፋግ ገበያ ቆሞ ስለነበር መንገዱ በአህያና በበርበሬ ከረጢት ተጨናንቋል፤ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ የጨርቅ ነጋዴዎች አቡጀዲ በክንዳቸው እየለኩ ይሸጣሉ። ከአዲስ ዘመን በላይ የጣራ ገዳም ደን ተራራውን እንደ ጋቢ ተከናንቦታል። እንደዚያ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ከአዲስ አበባ ከወጣን ጀምሮ አላየንም ነበር።

ዳክዬዎቹን የምንጥልበት የአደን ጠመንጃ ይዘን ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወረቀታችንን ማኅተም መታልን፤ ጠመንጃውን ግን ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው።

«ስትመለሱ ትወስዱታላችሁ» አለ።

«ያለ ጠመንጃ እንዴት እንይዛቸዋለን?» አልኩት።

«እሱን አላውቅም። በዚህ ሜዳ አንድ ተኩስ ከተሰማ ማን ተኮሰ የሚለው እስኪጣራ ሁላችንም አንተኛም። ዘመኑን ታውቂዋለሽ።»

አውቀው ነበር፤ አልተከራከርኩም። ወደ ወረታ ተመልሰን ሐጂ ሰይድ ቤት አረፍን። ሐጂ ጨው፣ ላምባና ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሱቃቸው ጀርባ ለመንገደኛ የሚያከራዩት ሁለት ክፍል አለ። ለምን እንደመጣን ሲሰሙ፣ «እኛም አንበላቸው፣ ክርስቲያኑም አይበላቸው፤ እኔ እኮ ለፈጣሪ ጌጥ ብቻ የተፈጠሩ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ቁሐር ሚካኤል

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ሞላ ረግረግ ዳር ወዳለው ቀበሌው ወሰደን። ስለዚያ ጠዋት ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ በትክክል የነገርኩ ግን አይመስለኝም። የክረምቱ ጎርፍ ሸሽቶ ሜዳው ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ጥቁር ጭቃ ነበር። ውሃው በሸሸበት ገበሬው ጓያና ሽንብራ ዘርቷል። ረግረጉ ዳር ደግሞ ለዚያ አገር ገና አዲስ የነበረው ሩዝ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። ቀንዳቸው አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ የፎገራ ላሞች እስከ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ይግጣሉ። ዳክዬዎቹ ከውሃው ላይ በአንድ ጊዜ ሲነሡ የክንፋቸው ድምፅ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል። ጭንቅላቱ ቡናማ፣ ጅራቱ እንደ ወስፌ የሾለ አለ፤ ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋ አለ። ከዚያ ሁሉ አገር በክንፋቸው የመጡ ናቸው። እኔ በመኪና ሦስት ቀን መጥቼ ወገቤን ይዣለሁ።

የመያዙ ነገር ግን አላምር አለ። የዓሣ መረብ ዘረጋን፤ አልቀረቡም። ከቄጠማ ሥር ተደብቀን ልንጥልባቸው ሞከርን፤ ጋሽ ዘነበ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው አንድ ጫማቸው እዚያው ቀረ። ይኼኔ ነው ከኋላችን የሴት ሳቅ የሰማነው።

ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ የሰበሰበች፣ ወንጭፍ በትከሻዋ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ወይዘሮ አንጓች ትባላለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ በራሷ ስም የደረሳት ማሳ ረግረጉ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ዘር ከተዘራበት ቀን ጀምሮ ከዳክዬ ጋር ትታገላለች። እኔ በጥናት ወረቀት ላይ ካነበብኩት ይልቅ እሷ በንዴት የተማረችው ይበልጥ ነበር።

«በመረብ ዳክዬ አይያዝም፤ ጥላውን ያያሉ» አለችኝ። «በፈረስ ጭራ ነው የሚያዙ። አንዷን ይዤ ዳር ላይ አስሬ ስትንፈራገጥ፣ ሌሎቹ አይተው ማሳዬን ይለቃሉ። ከዚያ እፈታታለሁ።»

«ሊያሳዩን ይችላሉ፣ እትዬ አንጓች?»

«አንቺ ጭቃ የምትፈሪ ካልሆንሽ።»

ከፈረስ ጭራ የተፈተሉ ቀጫጭን ማነቆዎችን በአጫጭር ካስማ ላይ አሠረች። ዳክዬዎቹ ከውሃ ወጥተው ወደ ሩዙ የሚሄዱበትን መንገድ ታውቀዋለች፤ እኔ ጭቃ ብቻ በማይበት እሷ የእግር ዱካ ታያለች። በማግስቱ ዓርብ ንጋት ስንመለስ አምስት ዳክዬዎች እግራቸው ተይዞ ተቀምጠዋል። ጓንት አጠለቅን፤ እሷ በሁለት እጇ የዳክዬዋን ክንፍ ሰብስባ ትይዛለች፣ እኔ ጥጥ የተጠቀለለበትን ዘንግ ወፏ ኋላ አስገብቼ አወጣና ትንሿ ብልቃጥ ውስጥ አደርጋለሁ፤ ብልቃጧ ወደሚጨሰው ዕቃ ትገባለች። ዳክዬዋ ትለቀቃለች። ተራራ ያህል የፈራሁት ሥራ በእሷ እጅ እንደ ጥጥ መፍተል ቀለለ።

ከአምስቱ አንዷ ምንቃሯ ቢጫ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያው የምትኖር ዓይነት ናት። የተሰጠኝ ትእዛዝ ከውጭ ስለሚመጡት ብቻ ስለሆነ ሳልነካ ለቀቅኋት።

«ይችን ለምን ተውሻት?» አለች አንጓች።

«እሷ የዚሁ አገር ናት፤ አትፈለግም።»

ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ማነቆዎቿን መሰብሰብ ጀመረች።

ጠዋት ሥራው ሲያልቅ ቤቷ ወስዳ ከጤፍና ከሩዝ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ በሽሮ አበላችን። ሩዙን ያመጡት ባለሙያዎች ቀቅሉት ብለው ነበር፤ የቁሐር ሴቶች ግን እንዴት እንጀራ እንደሚሆን ማንም ሳይነግራቸው አወቁበት።

ወሬው

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሰባት ያዝን። በደስታ እየዘፈንኩ ወረታ ስመለስ ሐጂ ሰይድ ሱቃቸውን ትተው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

«ልጄ፣ ገበያው ላይ የሚወራውን ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም፣ ሐጂ።»

«ከጭስ ዕቃ በሽታ እያወጣሽ በዳክዬዎቹ ኋላ ትጨምሪያለሽ ነው የሚሉ። ዳክዬዎቹ ውሃውን ይመርዛሉ፣ ከብቱ ያልቃል ይላሉ። እኔ ቤቴ ያደርሽ እንግዳዬ ነሽ፣ አላምንም። ግን ወሬው ከአንቺ አልፎ ሴትዮዋ ላይ ወድቋል።»

ወዲያው ከጋሽ ዘነበ ጋር ወደ ቁሐር ተመለስን። አንጓች ማሳዋ መካከል ብቻዋን ማጭድ ይዛ አጎንብሳ አገኘናት። የዚያን ዕለት የወንፈል ተራዋ ነበር፤ እሷ የሁሉንም አጭዳለች፣ ጎረቤቶቿ የእሷን ሊያጭዱ ይገባ ነበር። አንድም ሰው አልመጣም። ሩዙ ደርሶ ሲነኩት ይረግፋል፤ ዳክዬዎቹም ራቅ ብለው ውሃው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ ላቧን በክንዷ ጠረገች። «ማንም ዳክዬ ያዥ ብሎ አላስገደደኝም» አለች።

አቶ ሞላ ከኋላችን መጣ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ተጨንቆ ነበር። ለነገ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ መጥራቱን ነገረኝና ወደ ጎን ወሰድ አደረገኝ። «ለዳክዬዎቹ ክትባት እየሰጠን ነው በያቸው። ነገሩ ወዲያው ይበርዳል። ገበሬው ክትባት ያውቃል፣ ለከብቱ አይቶታል።»

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ጣመኝ። ዳክዬዎቹ በሽታ እንደያዙ፣ በሽታውም ወደ ዶሮና ወደ ሰው ሊሻገር እንደሚችል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከመናገር አንድ አጭር ውሸት ይቀልላል። ለአንጓች ነገርኳት። ማጭዷን መሬት ላይ አኖረች።

«አንቺ ከነገ ወዲያ ትሄጃለሽ» አለችኝ። «እኔ እዚህ ነኝ። ያልሆነ ነገር ነግረሻቸው ሄደሽ ኋላ እውነቱ ከወጣ፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሩዜን ብቻ አይደለም፣ እሳት የሚያበድረኝም አላገኝ።»

ወረታ ስንመለስ እንጨቱን አስገብቼ ለካሁ። ከግማሽ በታች ወርዷል።

ስብሰባው

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ከቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ተቀምጠዋል። አንጓች ከሴቶቹ ዳር ብቻዋን ነበረች፤ በእሷና በቀጣይዋ መካከል ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ቀርቷል። ያን ባዶ ቦታ እያየሁ ተናገርኩ።

«ለዳክዬዎቹ በሽታ አልሰጠኋቸውም» አልኩ። «ክትባትም አልሰጠኋቸውም። እኔ የምፈልገው እነሱ ይዘው ይመጡ እንደሆነ የምንጠረጥረውን ነገር ነው።» ስለ ቫይረሱ በማውቀው አማርኛ ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ ስምንቱ ቁራጮች፣ እንዴት እንደሚደባለቅ፣ ዶሮና ሰው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ። «እዚህ ሜዳ ላይ ማንንም አሳሟል አልልም። አላሳመመምም አልልም። አላውቅም። የመጣሁት ለማወቅ ነው።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ ጎልማሳ ቆሞ፣ «አምና ዶሮዎቼ በሦስት ቀን አለቁ። ከእነዚህ ነው ማለት ነው?» አለ።

«የእርስዎን ዶሮዎች የገደለው ፈንግል ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ በሽታ ነው። ግን እናንተ ፈንግል ከምትሉት ውስጥ አንዳንዱ ይሄኛው ይሁን አይሁን፣ እሱንም አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ታውቂያለሽ?» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ።

የቤተ ክርስቲያኑ የቅኔ መምህር መሪጌታ ጥበቡ እጃቸውን አነሡ። ዓይናቸው ፈዟል፤ ድምፃቸው ግን ጥርት ያለ ነው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዳክዬዋን ካላሳመማት ለምን በሽታ ትይዋለሽ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ትምህርት ቤትም፣ ላብራቶሪም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «እውነትዎን ነው፣ የኔታ። እሷ ዘንድ በሽታ አይደለም፤ ቤቱ ናት፤ ተስማምተው ይኖራሉ። በሽታ የሚሆነው ከቤቱ ወጥቶ የማያውቀው ቤት ሲገባ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ዳክዬዋን መጥላት አይገባም፤ ደጃፏን ማወቅ እንጂ» አሉ።

ይሄኔ አንጓች ከተቀመጠችበት ተነሣች። ሰው ሁሉ ዞረ።

«እኔም ጥያቄ አለኝ» አለች። «አንቺ የምትወስጅው ከእንግዶቹ ብቻ ነው፤ ቢጫዋን ለቀቅሻት። ማታ ማታ ግን እንግዳዋም ባለአገሯም ከአንድ ውሃ ይጠጣሉ፣ በአንድ ውሃ ይኰሳሉ፣ ከእኔ ሩዝ አብረው ይበላሉ። በኋላ እንግዶቹ ሲሄዱ ቢጫዋ ከእኛ ጋር ትቀራለች፤ ክረምት ክረምት ዶሮዎቻችን ግቢ ድረስ ትመጣለች። የሚደባለቅ ነገር ካለ የሚደባለቀው እዚህ አይደለም? የሚቀረውስ በእሷ አይደለም?»

ትእዛዙን የጻፈው ዶክተሩ አለቃዬ ነው፤ እኔ ያለ ጥያቄ ተቀብዬዋለሁ። ከጭቃ ውስጥ የምትታገል ሴት ግን የጎደለውን አየች።

«ነው» አልኩ። «ተሳስተናል።»

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰዉን ያረጋጋው ከማውቀው ሁሉ ይልቅ ያች ቃል ነበረች። አቶ ሞላ የሚጨሰው ዕቃ ይከፈት አለ። ከዋርካው ቅጠል ቀጥፌ በመቆንጠጫ ነከርኩት፤ አወጣሁና መሬት ላይ ጣልኩት፤ እንደ ብርጭቆ ተሰባበረ። ልጆቹ ጮሁ። «መርዝ አይደለም፤ ብርድ ነው» አልኩ። አምና ዶሮ ያለቀበት ሰውዬ ቀርቦ የቅጠሉን ስባሪ በመዳፉ ያዘ። እስኪቀልጥ ድረስ አየውና ተመልሶ ተቀመጠ።

መጨረሻ ላይ መሪጌታ ተነሡ። «ልጅቱ የማታውቀውን አላውቅም ብላለች። እኛ ደግሞ የምናውቀውን አንርሳ፤ የአንጓች ሩዝ እየረገፈ ነው።»

የሰኞ ደቦ

ሰኞ ማለዳ ስንደርስ ማሳው ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም አልመጣም፤ ባለዶሮው ግን ማጭዱን ይዞ ከፊት ቆሟል። ጋሽ ዘነበ ባዶ እግራቸውን ገቡበት። እኔም ማጭድ ያዝኩ፤ ሁለት ክንድ ሳላጭድ ጣቴን ቆረጥኩና ነዶ ተሸካሚ ሆንኩ። አጫጆቹ እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ አንጓች ከመካከል ሆና ድምፅዋ ከሁሉ ይሰማል። ከሴቶቹ አንዷ አጠገቧ መጥታ ማጨድ ጀመረች፤ ሌላዋም ተከተለች። እኔ ይህን ቆሜ ስመለከት ነዶውን መሸከም ረሳሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው ታጨደ፣ ነዶው ተከመረ። መሬት ላይ የረገፈው ፍሬ ግን ብዙ ነበር። አንጓች ማነቆዎቿን ሁሉ እዚያ ላይ ተከለች። «ዛሬ ጠባቂ የለም፤ ነገ ጠዋት የሁሉም አገር ዳክዬ ይመጣል» አለች።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ የታጨደው ማሳ ላይ የተያዙትን ቆጠርኩ። ዘጠኝ ወስፌ ጅራቶች፣ አራት አካፋ ምንቃሮች፣ ስምንት ባለቢጫ ምንቃሮች። ሴቶቹ ተራ በተራ ይይዙልኛል። አንዷን ባለዶሮው ራሱ ያዘልኝ፤ ክንፏን እንዳይጎዳ እየተጨነቀ። ሁሉንም ከለቀቅናቸው በኋላ ከነጫጫታቸው ወደ ጣና አቅጣጫ በረሩ።

እንጨቱ ላይ የቀረው ሦስት ጣት ብቻ ነበር። አንጓች መኪናው በር ድረስ ሸኘችኝ። በአንገቴ ነጠላዋን ጠመጠመችልኝና፣ «ሂጂ፣ ይተንብሻል» አለችኝ።

መመለሻ

ጠመንጃውን ልንወስድ አልተመለስንም፤ ጊዜ አልነበረም። ጋሽ ዘነበ ባሕር ዳር ላይ ነዳጅ ብቻ ቀድተው ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ማግስቱን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገባን። ዕቃውን ስከፍት የወጣው ጭስ እንደ ሲጋራ ነበር፤ ብልቃጦቹ ግን እንደ በረዶ ጠጥረው ቀዝቅዘዋል።

አለቃዬ የባለቢጫ ምንቃሮቹን ናሙና ሲያይ፣ «እነዚህን ማን አዘዘሽ?» አለ። የአንጓችን ጥያቄ ቃል በቃል ደገምኩለት። መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገ። «ይህን እኔ ማሰብ ነበረብኝ» አለ፤ ወንበሩን ስቦም ከእኔ ጋር ሥራ ጀመረ።

ናሙናዎቹን ጫጩት እያደገ ባለባቸው እንቁላሎች ውስጥ ወጋን። ከቀናት በኋላ የእንቁላሉን ፈሳሽ ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ከዶሮ ደም ጋር አደባለቅን። ቫይረስ በሌለበት ደሙ እንደ ቀይ ነጥብ ከታች ይሰበሰባል። ባለበት ግን ይያያዝና እንደ ስስ መረብ ይዘረጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከያዝናቸው እንግዶች ሁሉም ቀይ ነጥብ ሆኑ። ማክሰኞ ከታጨደው የአንጓች ማሳ ከመጡት ውስጥ ግን በሁለት ጉድጓዶች መረቡ ተዘረጋ። አንዱ ከወስፌ ጅራት፣ አንዱ ከባለቢጫ ምንቃር። ያንን ስናይ ከአለቃዬ ጋር ተቃቅፈን ቆምን።

ሁለቱን ለጥልቅ ምርመራ ውጭ አገር ወዳለ ላብራቶሪ ላክናቸው። ከናሙናዎቹ ጋር የሚሄደው ቅጽ ላይ «ሰብሳቢ» የሚል መስመር ነበር። ያለማመንታት «አንጓች፣ ቁሐር ሚካኤል» ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ ከብዙ ወራት በኋላ መጣ። ከአንድ ማሳ፣ በአንድ ማለዳ የተወሰዱት ሁለቱ ቫይረሶች አንድ አይደሉም ይላል። የውጭ ልብሳቸው ይለያያል፤ ከውስጥ ቁራጮቻቸው ግን አንዳንዶቹ እጅግ ይመሳሰላሉ። የአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሳይሻገር አልቀረም፤ ከአሁን በኋላም ከሁለቱም ወገን ወፍ አብሮ መወሰድ አለበት ይላል።

ከዚያ ጉዞ ያመጣሁት ትምህርት ብዙ ነው። አላውቅም ብሎ በሰው ፊት መቆም እንደማይገድል አየሁ። ትእዛዝን ከማሳ ጋር ማስተያየት እንደሚገባም ተማርኩ። የዳክዬዎቹን ብርታት እስከ ዛሬ አደንቃለሁ፤ ከዳክዬዎቹም ይልቅ በስብሰባው ማግስት ማጭድ ይዘው የመጡትን ሰዎች።

የምርመራውን መልስ የያዘውን ደብዳቤ የጻፉት ሰዎች መጨረሻው ላይ ለናሙናዎቹ ጥራት ከልብ አመስግነው ነበር። ለሚመጣው ወቅትም የሥራ ባልደረባችን ሆነው እንዲቀጥሉ በትሕትና እንጠይቃለን ብለዋል። ምስጋናውና ጥያቄው የተጻፈው ለእኔም ለአለቃዬም አልነበረም። «ለክቡር ዶክተር አንጓች» ይል ነበር። አለቃዬ መልስ ስንጽፍ ስሕተቱን እናርም ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። «ክቡር» የሚለውን ብቻ ወደ «ክብርት» እንድናርም ነገርኩት።